መምህርት ሙኒሬ የሰጠችው ቃል

ኢንጂነር ቴቭፊክ በድምፅ ማጉያ መጮህ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አዲሱ ግድብ ሸለቆውን በውሃ ሊሞላው ነውና መንደሩ ባዶውን ቀርቷል። ሰዉ በሩንና መስኮቱን ሳይቀር ነቅሎ በጭነት መኪና ዳገቱ ላይ ወደተሠራው አዲስ ከተማ ወጥቷል። የመስጊዱ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ሄዷል፤ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተገፎ ሄዷል። ከወንዙ ዳር፣ ከሮማንና ከበለስ ዛፎቹ መሃል ጢስ የሚታየው ከአንድ ቤት ብቻ ነበር። የሻኪር ቤት ነው።

"አቶ ሻኪር! ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው!"

"ትናንትም የመጨረሻ ብለህ ነበር!" አለ የሽማግሌ ድምፅ ከውስጥ። "ስንት መጨረሻ ነው ያለህ አንተ ልጅ?"

በመስኮቱ በኩል የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ብቅ አለ። የገጠር ፖሊሶቹ ወደ መኪናቸው ጀርባ ዘለሉ።

"አይዟችሁ፣ እናንተን አይደለም!" አለ ሻኪር። "ጥይቱ ለዚያ ለሚጮኸው ቆርቆሮ ነው!"

የመንደሩ ሊቀመንበር ሪፍኪ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ኢንጂነሩን በክንዱ ይዞ ወደ ጎን ወሰደው።

"ስማኝ ልጄ፣ በጩኸት አይሆንም። ይህ ሰውዬ ሰማኒያ ሊሞላው ነው፣ በጩኸት ወጥቶ አያውቅም። መምህርት ሙኒሬን እንጥራት።"

"መምህርት ምን ታደርጋለች?"

"ታናግረዋለች።"

ሙኒሬ ለዚያ ሸለቆ እንግዳ ሆና የመጣችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁለት ክፍል ባላት ትምህርት ቤት ለማስተማር መጥታ፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ቀረች። አላገባችም። በዚያ አገር ስለ እሷ የሚነገረው ግን ስለ ማስተማሯ ሳይሆን ስለ አንደበቷ ነው። የሪፍኪ እናትና ጎረቤቷ በአንዲት የበለስ ቅርንጫፍ ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረው፣ ሙኒሬ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአንዷ በረንዳ ወደ ሌላዋ በረንዳ ስትመላለስ ዋለችና ማታ ሁለቱንም አንድ ትሪ ላይ ሻይ አጠጣቻቸው። ኩርፊያ፣ የጋብቻ ጥያቄ፣ የወንድማማች ጠብ ሲኖር እሷ ትጠራለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። የሰው አንጀት የት ጋ እንደሚላላ ታውቃለች፤ እዚያ ጋ በቀስታ ትነካለች። ያ ሰው ሳያስበው እሺ ሲል ያገኘዋል ራሱን።

ከሁሉ በፊት እሺ ያሰኘችው ሰው ደግሞ ይኸው ሻኪር ነበር። በመጣች በመጀመሪያው መጸው፣ ሴት ልጁን ነርጊስን ትምህርት ቤት አልልክም ብሎ ነበርና ሄዳ አነጋገረችው። ነርጊስ ሁለት ክረምት ተማረች። በሦስተኛው ክረምት ሳንባዋ ታመመ፤ ወደ ኤርዙሩም ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በበረዶ ተዘግቶ ስድስት ቀን ቆየ፤ በአምስተኛው ቀን ልጅቷ በአባቷ ክንድ ላይ ሞተች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሻኪርና ሚስቱ ዞህሬ ሌላ ልጅ አልወለዱም። ዞህሬም ከአምስት ዓመት በፊት አርፋ ከልጇ ጎን ተቀብራለች።

ሙኒሬ ሪፍኪ በላከው መኪና ከአዲሱ ከተማ ስትወርድ ይህን ሁሉ እያሰበች ነበር። ኢንጂነሩን ገና ሳትጨብጠው ጠየቀችው።

"መቃብሮቹስ?"

"የተመዘገቡት ተነስተዋል እኮ። ሰባ ሦስት አፅም ወደ አዲሱ መካነ መቃብር ሄዷል።"

"የነርጊስና የዞህሬስ?"

ቴቭፊክ አንገቱን አከከ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ልጅ ነበር። "ማመልከቻው የካቲት ላይ ተዘግቷል። ቤተሰብ መፈረም ነበረበት። እሱ ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው በሩ ላይ ሲያይ ውሻውን ይለቅ ነበር።"

"ታዲያ አሁን አይሆንም?"

"ለኃላፊዬ እነግረዋለሁ። ኢንሻአላህ አንድ ነገር ይደረጋል። ውሃው የሚያዘው ሰኔ ላይ ነው፣ ገና ጊዜ አለ። እርስዎ ብቻ በሰላም ያውጡልኝ። ነገ ልዩ ኃይል ይመጣል። እነሱ እንደኔ ቆመው አይሰደቡም፣ በር ሰብረው ነው የሚገቡት። እሱም የያዘው መሣሪያ ነው።"

ሙኒሬ ቤቱን አየች፤ ጠመንጃውን አየች። ሰውየው እንደሚተኩስ ታውቃለች። ተኩሶም እንደሚስት፣ እነሱ ግን እንደማይስቱ ታውቃለች። ቦርሳዋን ለሪፍኪ ሰጥታ ብቻዋን በሮማኖቹ መሃል ሄደች።

በሩን አላንኳኳችም። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አውልቃ ውስጡ የገባውን ጠጠር ማራገፍ ጀመረች።

"ማን ነው?" አለ ሻኪር ከውስጥ።

"እኔ ነኝ ጋሽ ሻኪር። ሙኒሬ።"

"አንቺንም ላኩሽ?"

"ላኩኝ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ሻይ አማረኝ። ላይ ቤት የሚፈላው ሻይ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። የእርስዎን የምንጭ ውሃ ካልጠጣሁ ስንት ጊዜዬ።"

"ያን ቅቤ አንደበትሽን ይዘሽ መጣሽ።"

"ቅቤ ይዤ ብመጣ እርስዎ ራስዎ ይበሉት ነበር። ዞህሬ ነፍሷን ይማርና፣ የበቆሎ ቂጣ ጋግራ ቅቤውን ስትደብቅብዎ አይቻለሁ።"

ከበሩ ጀርባ እንደ ሳል ያለ ነገር ተሰማ። ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየችውም።

"ምጣዱ ሥር ነበር የምትደብቀው" አለ ቆይቶ።

"አገኙት?"

"ሁልጊዜ። እንደማገኘው ታውቃለች። እንድፈልገው ብላ ነው።"

ብዙ ቆዩ እንዲህ። እሷ ደጅ፣ እሱ ውስጥ። ስለ ግድቡ አንድም ቃል አላነሳችም። ነርጊስ ስሟን ስትጽፍ የመጀመሪያውን ፊደል ሁልጊዜ ወደ ኋላ ታዞረው እንደነበር፣ ለምን ብላ ስትጠይቃት "እንዲህም ያምራል" ብላ እንደመለሰችላት ነገረችው። ይህን ሻኪር ሰምቶት አያውቅም ነበር። ጠመንጃው መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተከፈተ።

ሰውየው ከስቷል። ጢሙን ከተላጨ ሳምንት አልፎታል፤ ሸሚዙ ግን እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ሻዩን ራሱ ቀዳላት። ሁለቱም ብርጭቋቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"ቤቱ አይደለም፣ መምህርት" አለ። "ሰው ቤት ወዶ ይሞታል ብለሽ ነው? ዛፎቹም አይደሉም። ከዚህ ሃምሳ እርምጃ ላይ ያሉትን ጥዬ የት ልሂድ? ውሃ ሲመጣባቸው እኔ በሰጡኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ልመልከት?"

ሙኒሬ እጁን ያዘች። ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር። ልትለው የሚገባት ነገር ምን እንደነበር በኋላ ሁልጊዜ ታስበዋለች፤ ቃል በቃል ታውቀዋለች። "ኢንሻአላህ ብለውኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም፤ አብረን እንታገላለን" ነበር። ያን ብላው ቢሆን ግን አይወጣም ነበር። ነገ ደግሞ በሩ ይሰበራል።

"ጋሽ ሻኪር" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የታመመ ልጅ ራስ ላይ እንደሚነገር። "ውሃው ሳይነካቸው ይወጣሉ። ከኢማሙ ጋር፣ በሥርዓቱ፣ በነጭ ጨርቅ። እርስዎን ሳይጠሩ ማንም አካፋ አያነሳም። ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ እንደዚህ እንደነበሩት። የእርስዎም ቦታ ከጎናቸው ነው። ቃሌ ነው።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጠ። አለቀሰ፤ እጁን ግን ከእጇ አላወጣም። ከዚያ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ፣ እሳቱን አመድ አለበሰ፣ ውሻውን ፈታ። ሲወጣ ቴቭፊክ ወደ እሱ መጥቶ ሻንጣውን ሊቀበለው ሲል፣ "ከሷ ተማር" አለው። "ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው።"

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሪፍኪ በሙኒሬ ጆሮ፣ "አፍሽን ማር ያርገው፣ ደም ልናይ ነበር" አላት። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ይህ የሆነው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙኒሬ በየጠዋቱ የግድቡ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነበረች። ቴቭፊክ ደብዳቤ ጻፈ፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ጻፈ። ኃላፊው ከአንካራ መልስ እንጠብቃለን አለ። ከአንካራ የመጣው መልስ የሟቾቹን መታወቂያ ቁጥር ጠየቀ። ነርጊስ መታወቂያ አልነበራትም። ሙኒሬ የድሮውን የተማሪዎች መዝገብ ከሳጥን ሥር አውጥታ አቀረበች፤ አንዱ ጸሐፊ አገላብጦ አየና "ይህ የሞት ማስረጃ አይደለም" አላት። በሁለት እግሯ ቆማ ያወቀችውን ጥሩ ቃል ሁሉ ነገረችው። ጸሐፊው ፈገግ አለላት፣ ወንበር ሰጣት፣ ሻይ አዘዘላት። ማህተም ግን አልመታላትም። የሱ እጅ ላይ ያለ ነገር አልነበረም።

ሻኪር ደግሞ በየቀኑ ይጠብቃል። የተሰጠው ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ በረንዳው ወደ ሸለቆው ያያል። ከሱቅ ነጭ የከፈን ጨርቅ ገዝቶ፣ አጣጥፎ አልጋው ራስ ላይ አስቀምጧል። "ጠሩ እንዴ?" ይላታል ስትመጣ። "ገና ናቸው፤ እየተዘጋጁ ነው" ትለዋለች። ያን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። አንድ ቀን ኮቱን አሳያት፤ ለዚያ ቀን ብሎ አስተኩሶታል።

በዚያ ዓመት በረዶው በአንዴ ቀለጠ። ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ እየነዳ መጣ። ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማንም ሳይነገረው የግድቡ መውረጃ ተዘጋ። ለሰኔ የተባለው ውሃ በሌሊትና በቀን እየወጣ በአራት ቀን መስጊዱን ደረሰ፤ በአምስተኛው ቀን ሮማኖቹ ጫፋቸው ብቻ ቀረ። መካነ መቃብሩ ከሮማኖቹ በታች ነበር።

ሙኒሬ ነገሩን የሰማችው ከሪፍኪ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሮጠች። ቴቭፊክ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። "እኔንም አልነገሩኝም" አላት። "በልጆቼ እምላለሁ፣ አልነገሩኝም።" ልትሰድበው መጥታ ነበር። አፏ የለመደው ነገር ስላልሆነ ስድብ አላገኘችም። ዞራ ወደ ሻኪር ቤት ሄደች።

በረንዳው ላይ ቆሟል። ያን የተተኮሰ ኮት ለብሷል። ከሥሩ ሸለቆው የለም፤ ቡናማ ውሃ ተንጣሎ ገለባና የተገነጠለ አጥር ተንሳፎበታል።

"መጣሽ?" አለ ሳይዞር። "መቼ አወጧቸው?"

ሙኒሬ የበረንዳውን በር ይዛ ቆመች።

"ሳይጠሩኝ አወጧቸው፣ አይደል? ውሃው ሲያጣድፋቸው ጊዜ ነው። አልቀየምም። ሽማግሌ ይታመምብናል ብለው ይሆናል። የት ጋ ነው ያኖሯቸው? የአዲሱ መካነ መቃብር ላይኛው በር ጋ ነው?"

ዞሮ አያት። ተስፋው ፊቱ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ሙኒሬ ምላሷ ላይ የመጣውን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ላይኛው በር አካባቢ ስም ያልተጻፈባቸው አዲስ መቃብሮች አሉ፤ ባለቤታቸው ያልታወቀ አፅም የተቀበረባቸው። "አዎ፣ እዚያ ጋ ናቸው፣ ጎን ለጎን" ማለት ብቻ ነው። ይዛው ትሄዳለች፣ ያለቅሳል፣ ለነፍሳቸው ፋቲሃ ይቀራል፣ አበባ ይተክላል፣ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ያወራቸዋል። ማንም አይከፋውም።

"ጋሽ ሻኪር፣ ላይኛው በር ጋ..." ብላ ጀመረች።

ሽማግሌው ሰፍ አለ። ዓይኑ ሞላ፤ ከንፈሩ "አልሐምዱሊላህ" ለማለት ተከፈተ። እንዴት እንዳመናት፣ እንዴት በቶሎ እንዳመናት ስታይ የጀመረችውን ዋጠችው።

"አላወጧቸውም" አለች። "እዚያው ናቸው። መመዝገቢያው እኔ ወደ እርስዎ ሳልመጣ ተዘግቶ ነበር። ኢንሻአላህ ነው ያሉኝ፤ ቃሌ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ከቤትዎ የወጡት በእኔ ውሸት ነው።"

ሻኪር በረንዳው ላይ ካለችው የላስቲክ ወንበር ላይ በቀስታ ተቀመጠ። ሙኒሬ እግሩ ሥር ተንበረከከች፤ መናገር ጀመረች። ልዩ ኃይሎቹ ሊገድሉት እንደነበር፣ እሷም ነርጊስን እንደልጇ እንደምታያት፣ አላህ በውሃ ሥር ያለውንም በአፈር ሥር ያለውንም እኩል እንደሚያይ፣ ይቅር እንዲላት፣ አውፍ እንዲላት። ቃሎቹ እንደ ወትሮው ተራ በተራ፣ ለስልሰው ይመጡላት ነበር። እሱ እጁን አነሳ።

"በቃሽ።"

አፏን በመዳፏ ያዘች።

"የመጀመሪያው ጊዜ መልካም አደረግሽልኝ" አለ። "ልጄን አስተማርሽልኝ። ሁለት ክረምት ደብዳቤ አነበበችልኝ። ሁለተኛውን ደግሞ አየሽው። አሁን የምልሽን ስሚኝ። እኔ አንቺ የምትነግሪኝን ነገር ሁሉ አምናለሁ። አሁንም ሌላ ነገር ብትነግሪኝ አምናለሁ። ችግሬ እሱ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እኔን አታናግሪኝ።"

"መምጣትስ እችላለሁ?"

"መምጣቱን አንቺ ታውቂያለሽ። አትናገሪ ነው ያልኩሽ።"

ከዚያ በኋላ ሙኒሬ በየዓርቡ ትመጣ ነበር። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሻኪር ውሃው ዳር ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ሌላኛው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ምስር ሾርባ በዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ መሃላቸው ታስቀምጣለች። አንዳንዴ ይበላል፤ አንዳንዴ ለውሻው ይሰጠዋል። ሮማኖቹ የነበሩበትን ቦታ በዓይኑ ይለካል፤ ከዚያ ሃምሳ እርምጃ ወደ ግራ ይሄድና እዚያ ይቆማል ዓይኑ። አንድ የኅዳር ዓርብ ነፋሱ ከውሃው ላይ ሲመታው ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ ረስታ፣ "በረደዎት እንዴ?" አለችው። ሻኪር ተነስቶ፣ ሾርባውን ሳይነካ ሄደ። ለሦስት ሳምንት አልመጣም።

በዚያው ወር ቴቭፊክ ቤቷ መጣ። ከሸለቆው በላይ ሌላ መንደር አለ፤ ውሃው የሚደርሰው በቀጣዩ ዓመት ነው። ሰዎቹ አንነቃነቅም ብለዋል።

"እርስዎ ቢያናግሯቸው..." አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ሄደች። ቴቭፊክ ራሱ ነዳላት። በመስጊዱ ግቢ ሰው ተሰብስቦ ሲጠብቃት፣ ዝናዋን የሰሙ ሴቶች ወደ ፊት ተጠጉ። ሙኒሬ ሰላምታ እንኳ አላበዛችም።

"መቃብራችሁን አስመዝግቡ" አለች። "ዛሬ። ወረቀት የያዘ ሰው ላይ ውሻ አትልቀቁ። አፅሙ ሲነሳ በዓይናችሁ ሳታዩ ማንም ይሆናል ቢላችሁ፣ እኔም ብሆን፣ ከቤታችሁ እንዳትወጡ።"

አንድ ሽማግሌ፣ "ይቺ ናት እንዴ ባለ ማር አፏ?" ብሎ አጉረመረመ። ሰው ሳቀ። እሷ ቀድማ መኪናው ውስጥ ገብታለች። በመንገድ ላይ ቴቭፊክ መሪውን ጨብጦ፣ "ምን በደልኩዎት?" አላት።

"ምንም። አንተ ኢንሻአላህ ነው ያልከኝ።"

የዚያ መንደር አፅም ሁሉ እስከ መጋቢት ተነሳ።

ሻኪር የሞተው በዚያው መጋቢት ነው። ጎረቤቱ በረንዳው ላይ፣ ወንበሩ ላይ አገኘው። ነጩ ጨርቅ አልጋው ራስ ላይ እንደተጣጠፈ ስለነበር በሱ ከፈኑት፤ ለሁለት ሰው የተገዛ ነበርና ተረፈ። ቀብሩ በአዲሱ መካነ መቃብር፣ ላይኛው በር አጠገብ ሆነ። ግራና ቀኙ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

አስከሬኑ መስጊዱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ አርፎ፣ ወንዶቹ ተሰልፈው፣ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ኢማሙ እንደ ደንቡ ጠየቀ።

"ይህን ሰው እንዴት ታውቁታላችሁ?"

"ጥሩ ሰው ነበር" አሉ በአንድ ድምፅ።

"በሱ ላይ ያላችሁን ሐቅ ሐላል ታደርጉለታላችሁ?"

"ሐላል ይሁንለት፣ ይቅር ብለነዋል።"

ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ መለሱ። ሙኒሬም ከሴቶቹ መሃል ሆና ሦስቴም አለች። ሟች ግን ለቆመ ሰው የሚመልሰው ይቅርታ የለም። ሰልፉ ተነስቶ አስከሬኑ በትከሻ ትከሻ እየተቀባበለ ዳገቱን ሲወጣ፣ አንዲት የመንደሩ ሴት መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

"መምህርት፣ እስቲ አንድ ነገር በይን" አለቻት እያለቀሰች። "አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ሙኒሬ የሴትየዋን እጅ በእጇ ይዛ ቆየች። የምትለው ነበራት፤ እንደ ወትሮው መጥቶላታል። አላለችውም።